ሱሺ በሐይቅ ቆሮሶ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ ከከተማው ጎን ሎጎ የሚባለው ሐይቅ ተንጣሏል። ከዚያ የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ በደሴም በኮምቦልቻም ጥብስ፣ ጉላሽ ወይም ለብለብ ሆኖ ይበላል። ያው አሳ ለሱሺም ይሆናል። ይህን የጃፓን ምግብ በስልኩ አይቶ ቤቱ ሊሞክረው የሚነሣ ሰው ግን ገና ሳይጀምር ሁለት ነገር ያቆመዋል፤ አንደኛ ባሕር ሩቅ ነው፣ ሁለተኛ ጥሬ አሳ ያስፈራል። ሁለቱም ስጋቶች የሚመነጩት ሱሺ ማለት ጥሬ አሳ ነው ከሚል ግምት ነው። ግምቱ ትክክል አይደለም። ሱሺን ሱሺ የሚያሰኘው በኮምጣጤ፣ በስኳርና በጨው የተቀመመው ሩዝ ነው፤ ሩዙ ላይ ወይም ውስጡ የሚገባው እንደየአገሩና እንደየወቅቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ የመጀመሪያው ሱሺ በደንብ በበሰለ የሐይቅ አሳ ቢሠራ ጎደሎ ምግብ አይሆንም፤ እንዲያውም ከሱሺ ጥንታዊ መልክ ጋር በቅርብ የሚዛመድ ነው።

ጥንታዊው ሱሺ የሐይቅና የወንዝ አሳ ነበር። በጃፓን ትልቁ በሆነው በቢዋ ሐይቅ ዙሪያ እስከ ዛሬ የሚዘጋጀው ፉናዙሺ የሚሠራው ፉና ከሚባል የካርፕ ዘመድ ነው። አሳው መጀመሪያ ለወራት በጨው ይቀመጣል፤ ከዚያ ከበሰለ ሩዝ ጋር እየተነባበረ በርሜል ውስጥ ይታመቅና ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሩዙ እንደ ጤፍ ሊጥ እየኮመጠጠ አሳው እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። በጥንቱ አሠራር ሩዙ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ይጣል ነበር፤ የሚፈለገው አሳው ብቻ ነው። ከጊዜ በኋላ ሰው ሩዙንም መብላት ለመደ፣ የወራቱ መኮምጠጥም በኮምጣጤ ተተካ። ዛሬ በየፎቶው የሚታየው፣ በእጅ ተጨብጦ ላዩ ላይ ቁራጭ አሳ የሚደረግበት ዓይነት በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የተስፋፋው ገና እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ ሃናያ ዮሄይ ከሚባል ባለሙያ ጋር ይነሣል። ማቀዝቀዣ አልነበረምና የኤዶ ባለሙያዎች አሳውን ይቀቅሉት፣ በኮምጣጤ ያሹት ወይም በአኩሪ አተር ሶስ ይዘፈዝፉት ነበር። ዛሬም በጃፓን የሱሺ ቤቶች የተጠበሰ እንቁላል፣ የተቀቀለ ሽሪምፕ፣ ኪያር ብቻ የተጠቀለለበት ሩዝ በክብር ይቀርባሉ። ኡናጊ የሚባለው እባብ መሳይ የወንዝ አሳ ደግሞ ሁልጊዜ ተጠብሶ ነው የሚበላው። ለወሎ ደጋ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በሺኮኩ ደሴት፣ በኮቺ ግዛት ተራሮች ያለው ነው። ባሕር የራቃቸው የተራራ ነዋሪዎች ሩዙን ዩዙ በሚባል የሎሚ ዘመድ ጭማቂ አኮምጥጠው፣ በአሳ ፈንታ የቀርከሃ ቡቃያና ሌላ የጓሮ አትክልት ይጭኑበታል። ያንን ሱሺ አይደለም የሚል ጃፓናዊ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ብርንዶ ቆርጦ የሚበላ ሕዝብ ጥሬ አሳ ለምን ይፈራል? በሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ቆሮሶ የሚበሉ አሉ አይደል? ለጥያቄው መልሱ ጥሬ ሥጋም ዋጋ እንዳስከፈለን ማስታወስ ነው። አያቶቻችን በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ የነበረው ከከብት ሥጋ የሚገባውን ትል ለማስወጣት ነው። አሳም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም። በዚሁ በሎጎ ሐይቅ ላይ የተደረገ ጥናት በቆሮሶ፣ በአምባዛና በካርፕ ሆድ ዕቃ ውስጥ ጥገኛ ትላትል መኖራቸውን መዝግቧል። ከእነዚህ ወገን የሆኑ አንዳንድ ትሎች ጥሬውን ለበላ ሰው ጉሮሮና ሆድ ጠንቅ ናቸው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ሚጥሚጣ ትሉን አይገድሉትም፤ የአሳውን ሥጋ ስለሚያነጡት ወይም ስለሚያቃጥሉ ብቻ የበሰለ ይመስላል። ለዚህ ነው በጃፓንም የሱሺ ባለሙያዎች የሐይቅና የወንዝ አሳን በጥሬው ከማቅረብ የሚቆጠቡት። ሳልሞንን እንኳ ጃፓኖች እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ በጥሬው አይበሉትም ነበር፣ ከፓስፊክ የሚጠመደው ትል አለበትና፤ ጥሬ ሳልሞን ሱሺ ላይ የወጣው ኖርዌይ በእርባታ ያሳደገችውን ይዛ ወደ ጃፓን ገበያ ከገባች በኋላ ነው።

በረዶ ማድረግስ? ይሠራል፣ ግን ሁኔታው ጥብቅ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መመሪያ ጥሬ የሚበላ አሳ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ 7 ቀን እንዲቆይ፣ አለዚያም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ደርሶ 15 ሰዓት እንዲቆይ ያዝዛል። የቤት ፍሪጅ የበረዶ ክፍል ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም፤ መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ቤት ደግሞ 7 ቀን ሳይቋረጥ ይቀዘቅዛል ብሎ መተማመን አይቻልም። በረዶ ትሉን ይግደል እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፋም። እሳት ሁለቱንም ያጠፋል። ይህን ያህል ማስረጃ ከተቀመጠ በኋላ ለጣዕም ሲባል የሐይቅን አሳ በጥሬው መሞከር ደፋርነት አይባልም፣ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሩዙ። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ ከሩዙ ዓይነት የተነሣ ነው። በየሱቁ በብዛት የሚሸጠው ረጅምና ቀጭን ፍሬ ያለው ሩዝ ለፒላው የተመረጠ ነው፤ ሲበስል ፍሬ ከፍሬ ይለያያል። ለሱሺ የሚያስፈልገው አጭርና ወፍራም ፍሬ ያለው፣ ሲበስል እርስ በርሱ የሚያያዝ ነው። ልዩነቱ ከስታርቹ ነው፤ አሚሎስ የሚባለው ክፍል ሲበዛ ሩዙ ይበታተናል፣ ሲያንስ ይጣበቃል። ከውጭ የመጣውን የሱሺ ሩዝ ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ማስመጣት ይቻላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ከዚያ በፊት የፎገራን ሩዝ ማየት ይገባል። ሩዝ በፎገራ ሜዳ የተስፋፋው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ ነው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ እስከ ዛሬ በገበሬው ዘንድ የታወቀ ነው። ወረታ ላይ ያለውን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ሲደግፍ የቆየው ደግሞ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ ጃይካ ነው። ገዢው ፍሬውን በዓይኑ መርጦ፣ አጭርና ድፍን የሆነውን ወስዶ፣ መጀመሪያ አንድ እፍኝ ቀቅሎ ይሞክር፤ በሁለት ጣት ሲጨበጥ ከተያያዘ ይበቃዋል።

የሱሺ አሠራር የሚያስተምሩ መጻሕፍት የማይነግሩት አንድ ነገር ደግሞ ከፍታ ነው። አብዛኞቹ የተጻፉት በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው፤ እዚያ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ገደማ ታፈላለች። ስለዚህ በመጽሐፉ ልክ የተቀቀለ ሩዝ ደሴ ላይ መሐሉ ጥሬ ይሆናል፤ ሰው ግን ጥፋቱን ከራሱ እጅ ወይም ከሩዙ ይፈልጋል። መፍትሔው ሩዙን ውኃው እስኪጠራ አጥቦ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ውኃውን ከፍ ማድረግ፣ ክዳኑን በከባድ ነገር መጫንና እሳቱን ዝቅ አድርጎ መታገሥ ነው። ለአንድ ኩባያ ሩዝ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ኩባያ ከሩብ፣ ደሴ ላይ ከዚያ ትንሽ በዛ ያለ ውኃ ተነሥቶ፣ እንደ ሩዙ እርጅና ማስተካከል ነው። ፕሬዠር ኩከር ያለው ቤት ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ይገላገላል፤ በውስጡ የታፈነው እንፋሎት ከፍታው የነሣውን ሙቀት ይመልሳልና። ከእሳት ከወረደ በኋላ ክዳኑ ሳይከፈት 15 ደቂቃ ይረፍ።

ለሁለት ኩባያ ሩዝ አራት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ተቀላቅሎ፣ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ለብ ይደረጋል። በሱቅ አቼቶ እየተባለ የሚሸጠው ከጃፓን የሩዝ ኮምጣጤ ይልቅ ኃይለኛ ነው፤ ስለዚህ ከአራቱ ማንኪያ አንዱን በውኃ፣ ወይም እንደ ኮቺ ሰዎች በሎሚ ጭማቂ መተካት ይሻላል። ሩዙ ገና ትኩስ ሳለ ሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ይረጭበታል፤ በእንጨት ማማሰያ እየተቆረጠ እንጂ እየተፈጨ አይገለበጥም፣ በጎን ደግሞ በማራገቢያ ይራገባል። ማራገቡ ትርፉን እርጥበት አባርሮ ፍሬውን ያወዛዋል። ፍሪጅ የሚገባ ሩዝ ግን ስታርቹ ተመልሶ ስለሚደርቅ ይጠነክራል፤ ስለዚህ በዕለቱ የሚበላውን ያህል ብቻ መሥራት ነው።

አሳው ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ዓይኑ ያልፈዘዘ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ ቆሮሶ ተገዝቶ በዕለቱ ይፈለት፤ አጥንቱ በጥንቃቄ ይለቀም። ጨው ነክቶት ጥቂት ከቆየ በኋላ ሥጋው ነጥቶ በሹካ እስኪፈረካከስ ድረስ በእንፋሎት ይብሰል ወይም በጥቂት ዘይት ይጠበስ። አምባዛ ስብ ስላለው ለሌላ ዓይነት አሠራር ይመቻል፤ በአኩሪ አተር ሶስና በስኳር እየተቀባ በከሰል ላይ ቢጠበስ ከላይ ለተነሣው ለኡናጊ ይቀርባል። በጃፓን ኡናጊ እየጠፋ ሲሄድ ኪንዳይ ዩኒቨርሲቲ ምትክ ፍለጋ ገብቶ ያተኮረው በአምባዛ ዘመድ ላይ ነበር። ቅርፊት የሌለው አሳ አንበላም የሚሉ ብዙ ክርስቲያኖች አሉና ለእነሱ ቆሮሶው ይበቃል።

ለመጠቅለያ ኖሪ የሚባለው የደረቀ የባሕር ቅጠል ከሌለ ሥራው አይቆምም። በዋካያማ ሜሃሪዙሺ የሚባለው ሩዝ የሚጠቀለለው በጨው በተዘፈዘፈ የሰናፍጭ ዘመድ በሆነ ጎመን ቅጠል ነው። የእኛም የሐበሻ ጎመን የዚያው ወገን ስለሆነ ሰፋፊው ቅጠል በፈላ ውኃ ተለብልቦ፣ አንጓው ተላጭቶ፣ ደኅና አድርጎ ይጠቀልላል። ዋሳቢ ተብሎ የሚቀርበውም አረንጓዴ ለጥፍ በአብዛኛው ሌላ ሥርና ሰናፍጭ ተቀላቅሎ ቀለም የተነከረ ነው፤ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ኬሚካል በዋሳቢም በሰናፍጭም አንድ ነው። ስለዚህ በየቤቱ የሚበጠበጠው ሰናፍጭ እዚህ የሚገባው በመብቱ ነው። መጠቅለል ለከበደው ደግሞ ሩዙን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጎ አሳውን፣ ኪያሩን፣ አቮካዶውንና ካሮቱን ላዩ ላይ መበተን ቺራሺ የሚባል የታወቀ ሱሺ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል። መብላቱም በእጅ ነው፤ በእጅ የተጨበጠውን ሱሺ በእጅ ማንሳት በጃፓንም ነውር አይደለም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን፣ ጥብሱ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል፤ የባዕድ ምግብ ነው የሚልም አይጠፋም። ባዕድነትን በሚመለከት፣ ቆሮሶ ራሱ ለሎጎ ሐይቅ እንግዳ ነው፤ ወደዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዛሬ የሐይቅ አሳ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ልፋቱን በሚመለከት ደግሞ ወሎ ለዚህ ምግብ የራሱ የሆነ ምክንያት አለው። በደሴና በኮምቦልቻ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለቅሶውንም ሠርጉንም አብሮ ይውላል፤ ሥጋው ግን በእርዱ ይለያያልና ድግስ ያለው ቤት ሁለት ድስት ይጥዳል። አሳ እርድ አይጠይቅም። ስለዚህ ከአንድ ትሪ ሁሉም እንዲበላ የሚሻ ቤተሰብ በአሳና በሩዝ የተሠራ ማዕድ ይመቸዋል። በጾም ወቅት አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባለበት ቤት አሳውን አስቀርቶ በኪያር፣ በአቮካዶና በካሮት መሥራት ይቻላል፤ ሱሺነቱ አይቀንስም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይቀራል። በውጭ አሠራሮች ውስጥ ሚሪንና ሳኬ የሚባሉ ቅመሞች ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱም የሩዝ አልኮል ናቸው። ሙስሊም እንግዳ ያለበት ቤት ሁለቱንም ትቶ ስኳሩን ጥቂት ከፍ ያድርግ፤ የአኩሪ አተር ሶሱንም ጠርሙስ ከመግዛቱ በፊት የተጻፈበትን ያንብብ።