ተጨማሪ ገንዳ ለሌለው አነስተኛ የኮራል አኳሪየም የውኃ ማጣሪያ አመራረጥ

የባሕር ዓሦችንና ኮራሎችን በመስታወት ገንዳ ወይም አኳሪየም ለማኖር የሚሹ ሰዎች አስቀድመው ሊወስኑት የሚገባው ጉዳይ የውኃ ማጣሪያው ዓይነት ነው። በትላልቅ አኳሪየሞች ማጣሪያዎቹ ከዋናው ገንዳ ሥር በሚቀመጥ ተጨማሪ ገንዳ ውስጥ ይገጠማሉ። ከ100 ሊትር በታች በሚይዙት ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የውኃው መጠን አነስተኛ በመሆኑም ጥቂት የተረፈ ምግብ እንኳ ውኃውን በፍጥነት በክሎ ዓሦቹንና ኮራሎቹን ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ከዓሦች ቆሻሻና ከምግብ ትርፍራፊ የሚመነጨው አሞኒያ መርዛማ ነው። ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ለባክቴሪያዎቹ ምቹ መኖሪያ የሚሆነው ብዙ ቀዳዳዎች ያሉት የኮራል ድንጋይ ነው። ኦክስጅን በሚያንስበት የድንጋዩ ውስጠኛ ክፍል የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል። ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ በ1961 ያስተዋወቁት ዘዴም በእንዲህ ያለ ድንጋይና በአየር አረፋ ላይ የተመሠረተ ነበር።

በመሆኑም ዋናው ማጣሪያ ድንጋዩ ሲሆን መሣሪያዎቹ አጋዥ ናቸው። ከገንዳው ጀርባ የሚንጠለጠለው ማጣሪያ ውኃውን በስፖንጅ ያጠራል፤ ስፖንጁ በየጊዜው ካልታጠበ ግን ቆሻሻ አከማችቶ ናይትሬት ያበዛል። ፕሮቲን ስኪመር የተባለው መሣሪያ ቆሻሻውን ከመበስበሱ በፊት በአየር አረፋ ለይቶ ስለሚያወጣ ብዙ ዓሦች ላሉበት ገንዳ ይመረጣል። ዓሦቹ ጥቂት ከሆኑ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ውኃ በአዲስ ጨዋማ ውኃ መተካት በቂ ሊሆን ይችላል።

የትኛውም ማጣሪያ ቢመረጥ፣ አሞኒያና ናይትራይት አለመኖራቸው በምርመራ ሳይረጋገጥ ዓሦችንም ሆነ ኮራሎችን ወደ ገንዳው ማስገባት አይገባም።