ተረትና እውነታ፦ የፊት ማነጣጠሪያና ሞረድ

ስለ ጠመንጃ ከሚነገሩት ተረቶች ሁሉ ብዙ ብረት ያበላሸው አንድ አጭር ምክር ነው፦ «ጥይቱ ካነጣጠርክበት በላይ ከመታ የፊት ማነጣጠሪያውን ከጫፉ ሞረድ አድርገው፤ ይወርድልሃል።» ምክሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ለእጅም ይቀልላል፤ ግን ፍጹም ስሕተት ነው። የፊት ማነጣጠሪያ ባጠረ ቁጥር ምቱ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ይህን ሰምቶ ሞረድ ያነሳ ሰው አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ይል የነበረውን ጠመንጃ ሃያ ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ያደርገዋል፤ «ገና አልበቃውም» ብሎ ሲደግመው ሠላሳ ይሆናል። በብሎን የሚዞር ማነጣጠሪያ ቢሳሳቱበት ይመለሳል፤ የተሞረደ ብረት ግን ወዴት ይመለሳል? ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አዲስ ዘንግ፣ ብዙ ጊዜም ከነመቀመጫው አዲስ ማነጣጠሪያ ማሠራት ነው። ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ ቢያበቃ ባልተናደድሁ ነበር። ከዒላማው በላይ የሚሄድ ጥይት የአፈር ግድቡን አልፎ ኪሎ ሜትሮችን ሊጓዝ ይችላል። አዳኝ እጅ ላይ ያለ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃም አውሬውን በአግባቡ ከመግደል ይልቅ አቁስሎ ጫካ ይሰድደዋል።

ስሕተቱ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ለኋላ ማነጣጠሪያ ሕጉ እንደ ልማዱ ነው፦ ምቱ እንዲወጣ ከተፈለገ የኋላው ይነሣል፤ እንዲወርድ ከተፈለገ ዝቅ ይላል፤ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከተፈለገ ወደ ቀኝ ይገፋል። ይህን የለመደ ሰው የፊቱም እንደዚያው ነው ብሎ ማሰቡ አያስገርምም። የፊቱ ግን በተቃራኒው ይሠራል። ዓይን የሚያሰልፈው ሦስት ነገሮችን ነው፦ የኋላውን ሰርጥ፣ የፊቱን ዘንግ ጫፍና ዒላማውን። ይህ የዓይን መስመር አይጣመምም፤ የሚንቀሳቀሰው በርሜሉ ነው። ዘንጉ ሲያጥር ጫፉ ከሰርጡ በታች ስለሚቀር፣ ተኳሹ እንደገና ከሰርጡ አፍ እኩል እንዲታየው አፈሙዙን ወደ ላይ ማንሣት ግድ ይሆንበታል። አፈሙዝ ከተነሣ ጥይትም ይነሣል። ዘንጉ ሲረዝም ደግሞ ጫፉን ወደ ቦታው ለመመለስ አፈሙዙ ይወርዳል፤ ምቱም አብሮ ይወርዳል። ወደ ጎንም ቢሆን እንዲሁ ነው፦ ጥይቱ ወደ ቀኝ እየመታ ከሆነ የፊቱ ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ስሕተቱን ተከትሎ ይገፋል። ይህን ለማየት ጠመንጃ አያስፈልግም። አንድ ማስመሪያ ላይ ከፊትና ከኋላ ሁለት የክብሪት እንጨቶች በጭቃ አቁሞ፣ የፊቱን አሳጥሮ፣ ሁለቱን ጫፎች ግድግዳ ላይ ካለ ነጥብ ጋር ማሰለፍ ይበቃል። የማስመሪያው አፍንጫ ወደ ላይ ሲወጣ በዓይን ይታያል።

ተረቱን በተለይ አደገኛ የሚያደርገው፣ ሰዎች «ጠመንጃዬ ከፍ ይላል» የሚሉት ብዙ ጊዜ ጠመንጃው ምንም ሳይበላሽ መሆኑ ነው። እኛ ክላሽ የምንለው የኤኬኤም ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያው 3 ቁጥር ላይ ተደርጎ በ100 ሜትር ሲፈተሽ፣ የምቶቹ መሐል ካነጣጠሩበት ነጥብ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲያርፍ የሶቪየት መመሪያው ራሱ ያዝዛል። ምክንያቱም 3 ቁጥር ለ300 ሜትር ነው። ጥይቱ በመንገዱ ስለሚወድቅ፣ በ300 ሜትር ነጥቡን እንዲያገኝ በ100 ሜትር ላይ ከዓይን መስመሩ በላይ ማለፍ አለበት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጀርመን እግረኛ የያዘው ጌቬር 98 ደግሞ የኋላ ማነጣጠሪያው ትንሹ ቁጥር 400 ሜትር ነበር። በዚህ ጠመንጃ በ100 ሜትር የሚተኩስ ሰው ምቱ በጣም ከፍ ቢልበት ሠሪዎቹ ያሰቡት ነው እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። እንግዲህ አንድ ሰው ያልታመመውን ጠመንጃ ታሟል ብሎ፣ መድኃኒቱንም ገልብጦ ሲሰጠው ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ያው የኤኬኤም መመሪያ ትክክለኛውን አቅጣጫ በግልጽ ያስቀምጣል፦ ምቱ ከሚገባው በላይ ከሆነ ዘንጉን ፈትቶ ማስረዘም፣ ከሚገባው በታች ከሆነ አጥብቆ ማሳጠር። አንድ ሙሉ ዙር በ100 ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ያዛውራል። ሞረድ የሚባል ነገር በመመሪያው ውስጥ ቦታ የለውም፤ የዘንጉ ብሎን የተሠራው ለዚሁ ነውና።

«እኔ የማውቀው ሰው ሞርዶ ተስተካክሎለታል» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ግን ጠመንጃው ቀድሞውንም ዝቅ ይል ነበር ማለት ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ሆን ብለው ረዥም የፊት ዘንግ ገጥመው ይልካሉ፤ ገዢው በራሱ ጥይትና በራሱ ርቀት ሞክሮ ጥቂት በጥቂት እየሞረደ ምቱን ወደ ላይ እንዲያመጣ። ስለዚህ ሞረድ ራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ አቅጣጫው ነው። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሱኝ ግን ሌሎቹ ናቸው፤ ጠመንጃው ወዴት እንደሚመታ፣ በስንት ሜትር፣ የኋላው ስንት ቁጥር ላይ ሆኖ እንደተተኮሰ ሳይጠይቁ «ትንሽ ሞረድ አድርገው» የሚሉት። ሦስቱን ያልጠየቀ ሰው ምክር አልሰጠም፤ ገምቷል። ግምቱ ሲከሽፍ የሚከፍለው ደግሞ እርሱ አይደለም።

የፊት ማነጣጠሪያው ከነመቀመጫው አዲስ ሊሠራ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከቶርኖ ሳይሆን ከወረቀት ነው። ስሌቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ነገር ነው፦ የምቱ ስሕተት በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት ይባዛል፤ ከዚያ እስከ ዒላማው ባለው ርቀት ይካፈላል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሩሲያው ሞሲን ናጋንት 91/30 ነው። ይህ ጠመንጃ የሚስተካከለው ሳንጃው አፈሙዙ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ወታደሩ ከነሳንጃው እንዲተኩስ ታስቦ ነውና። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የጠመንጃ ሰብሳቢዎች ሳንጃውን አውልቀው ሲተኩሱት ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይመታል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎቹ መካከል 622 ሚሊ ሜትር አለ። በ100 ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 200 ሚሊ ሜትሩን በ622 አባዝቶ ለ100,000 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 1.24 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል። የፊቱ ዘንግ በዚህ ያህል መርዘም አለበት ማለት ነው። ብዙዎች ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተላጠ የፕላስቲክ ልባስ ዘንጉ ላይ ሰክተው ያንኑ ያገኛሉ። መልኩ አያምርም፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው፤ ሲፈለግም ይወልቃል። በክላሽ ላይ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው 378 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ፊት ላይ የምትፈጠር አንዲት ሚሊ ሜትር ስሕተት በ100 ሜትር 26 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ለምን ካሊፐር እንደሚያስፈልግ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ስሌቱ የማይነግረን አንድ ነገር እንዳለ ግን መሸፈን አይገባም። በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባል፤ አፈሙዙ አጠገብ አዲስ ክብደት ሲታሰር የመርገብገቡ ልክ ይለወጣል፤ ምቱም ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። የሞሲኑ ሳንጃ ለውጥ የሚያመጣውም በዋነኛነት በዚህ ነው። ወዴትና ምን ያህል እንደሚሸሽ ግን ጠመንጃው ሳይተኮስ በወረቀት ላይ ብቻ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አዲስ መቀመጫ ያለው ጠመንጃ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ያለ ሙከራ ተስተካክሏል አይባልም።

ሁለተኛው ጎጂ እምነት «በደንብ ከጠበቀ ይበቃዋል» የሚለው ነው። መቀመጫው ከመጥበቁ በፊት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የዘንጉ ጫፍ ከበርሜሉ መሐል 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል እንበል። መቀመጫው በበርሜሉ ዙሪያ 2 ዲግሪ ብቻ ቢዞር ጫፉ ወደ ጎን 1.75 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸሻል፤ በክላሽ ልክ ሲሰላ ይህ በ100 ሜትር 46 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ዲግሪ በዓይን ለመለየት ይከብዳል፤ ዒላማ ላይ ግን ግማሽ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በርሜል ክብ ስለሆነ በክብ ቀለበት ብቻ የታሰረ ነገር ሁሉ ለመዞር የተዘጋጀ ነው። እንዳይዞር የሚከለክለው ቁልፍ ወይም ጠፍጣፋ ገጽ፣ በጠመንጃው ግፊት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ደግሞ የሚደገፍበት እርከን ያስፈልገዋል። «እንግዲያስ ለምን አንበይደውም?» ለሚለው መልሱ ሙቀት ነው። በርሜል በተወሰነ ሙቀት ግሎ ጥንካሬው የተወሰነለት ብረት ነው፤ ሳልዳቱራ ያን ጥንካሬ ያበላሻል፤ ውስጡን ያቃጥላል፤ ሲቀዘቅዝም ሊያጣምመው ይችላል። በርሜሉን በትራፓኖ ሰርስሮ ብሎን ማስገባት የባሰ ነው፤ የግድግዳውን ውፍረት ያላወቀ ሰው በርሜሉን ያሳሳል ወይም ይበሳዋል፤ እርሱም ያልፈነዳ ፈንጂ ነው። ስዊዘርላንዶች በ300 ሜትር የሚወዳደሩበትን ኬ31 ጠመንጃቸውን ለስፖርት ሲያዘጋጁ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ ጨብጦ በሚይዝ መቀመጫ ይገጥሙለታል፤ ብረቱ አይበሳም፤ ውድድሩ ሲያልቅ ጠመንጃው ወደ ነበረበት ይመለሳል። በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን የታተመ ፕላስቲክም ለሙከራ ቅርጽ ይጠቅማል። በተለምዶ የሚታተምበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ግን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ተከታትሎ የተተኮሰበት በርሜል ከዚያ በላይ ይሞቃል።

የቀሩት ተረቶች ብዙ አያደክሙም። «ጥይት ከአፈሙዝ እንደወጣ ወደ ላይ ይነሣል» ይባላል፤ አይነሣም። ከወጣባት ቅጽበት ጀምሮ ከበርሜሉ መስመር በታች ይወድቃል፤ የክላሽ ጥይት በሰከንድ 715 ሜትር ፈጥኖ ወጥቶ እንኳ 100 ሜትር እስኪደርስ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወድቃል። የሚነሣ የሚመስለው በርሜሉ ከዓይን መስመሩ አንጻር ሽቅብ ስለሚያይ ነው። «በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከረዘመ ጠመንጃው የተሻለ ይመታል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ የሚቀንሰው የዓይንን ስሕተት ብቻ ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትር የአሰላለፍ ስሕተት በክላሽ 13 ሴንቲ ሜትር፣ በሞሲን 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያረጀ በርሜል ግን በዚህ አይታደስም። «ዘንጉ በቀጠነ ቁጥር ጥሩ ነው» የሚሉትም ዓይን ቀጭን ነገርን በደብዛዛ ብርሃን እንደሚያጣው ይረሳሉ። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር አየር ጠመንጃ ውድድር የዒላማው አሥር ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ተኳሾቹ ግን በዘንግ ፈንታ ቀለበት ይጠቀማሉ፤ ቀለበቱም በጥቁሩ ክብ ዙሪያ በቂ ብርሃን እንዲያሳይ አድርገው ይመርጡታል።

ጠመንጃችሁ ከፍ ይላል ብላችሁ ሞረድ የፈለጋችሁ ሁሉ፣ ሕጋዊ በሆነ የመተኮሻ ሥፍራ፣ በደጋፊ ላይ አስተኝታችሁ አምስት ጥይት ተኩሱ። ርቀቱን፣ የኋላውን ቁጥርና የምቶቹን መሐል ጻፉ። አዲስ መቀመጫ የምታሠሩ ከሆነም ለባለሙያው ይህን ወረቀት ስጡት፤ የፊቱንም ዘንግ ከስሌቱ 2 ሚሊ ሜትር አስረዝሞ እንዲሠራው ንገሩት። ምቱ ዝቅ ብሎ ሲገኝ፣ ያኔ ሞረድ ይነሣ።