454 ለ 2

ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ለመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ የመራጮች መዝገብ ስታዘጋጅ፣ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሴቶች ስማቸውን ለመዝጋቢ አልተናገሩም። «የእገሌ ሚስት ነኝ»፣ «የእገሌ ልጅ ነኝ» ብለው አለፉ። ለማያውቁት ወንድ የራስን ስም መንገር በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በብዙ ቦታ ነውር ነበር። የምርጫው ዋና ኃላፊ ሱኩማር ሴን ግን ስሟን ያላስመዘገበች መራጭ አትሆንም አሉ፤ 2.8 ሚሊዮኑም ከመዝገብ ተሰረዙ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1951 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሴን ጩኸት እንደሚነሣ ያውቁ ነበር፤ ጩኸቱ ራሱ ልማዱን እስከሚቀጥለው ምርጫ ያስቀረዋል ብለው አሰቡ። ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ዋጋውን የከፈሉት ግን በስማቸው መጠራት ተነፍገው ያደጉት እነዚያ ሴቶች ናቸው።

ከስረዛው በኋላም መዝገቡ ላይ 173 ሚሊዮን ሰው ቀረ። ከመቶው 85 ያህሉ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ፓርቲዎች በሥዕል ተለዩ፦ ለአንዱ ጥንድ በሬ፣ ለሌላው ጎጆ፣ ለሌላው ዝሆን፣ ለሌላው የሸክላ ኩራዝ። 224,000 ምርጫ ጣቢያ ተከፈተ፤ 2 ሚሊዮን የብረት ኮሮጆ ለመሥራት 8,200 ቶን ብረት ወጣ። የስዊዘርላንድ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት እስከ 1971 መጠበቅ እንደነበረባቸው ሲታሰብ፣ ያኔ ፊደል ያልቆጠረች የሕንድ ገበሬ ሚስት የያዘችው መብት ምን ያህል ቀድሞ እንደተሰጣት ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ለማሰብ እስኪያዳግት አደገ። በ2024 ከኤፕሪል 19 እስከ ጁን 1 በሰባት ዙር በተካሄደው ምርጫ 968 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦ 642 ሚሊዮኑ ድምፅ ሰጥቷል፤ ከእነዚህ 312 ሚሊዮኑ ሴቶች ናቸው። ከ1 ሚሊዮን በላይ ጣቢያ፣ 5.5 ሚሊዮን የድምፅ መስጫ ማሽን፣ 15 ሚሊዮን አስመራጭና ጥበቃ ተሰማርቷል። ከቻይና ድንበር አጠገብ ባለችው ማሎጋም መንደር ለአንዲት መራጭ ብቻ ጣቢያ ተከፍቶ፣ አስመራጮቹ ማሽኑን ይዘው በእግራቸው ተራራ ወጥተዋል።

በ1962 ከመቶ ወንድ መራጭ 63ቱ ሲወጣ፣ ከመቶ ሴት የወጣችው 47ቷ ብቻ ነበረች። በ2024 ከወንዶቹ 65.55 በመቶ፣ ከሴቶቹ 65.78 በመቶ ወጡ። ያ ርቀት በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ተዘግቶ ሴቶቹ ቀድመዋል። ከድሆችና ካልተማሩ ቤቶች የሚወጡ፣ ድምፃቸውን እንደ ዋዛ የማይቆጥሩ መቶ ሚሊዮኖች ያደረጉት ነገር ነውና በዚህ ዘመን ከተደረጉት ታላላቅ ነገሮች አንዱ ነው እላለሁ።

እስከ ኮሮጆው ያለው መንገድ ይህን ያህል ተስተካክሏል። ከኮሮጆው እስከ ወንበሩ ያለው ግን ሌላ ነው።

የኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበር አለው፤ የሕንዱ ታችኛ ምክር ቤት፣ ሎክ ሳባ፣ 543። የሕንዱ አንድ ወንበር ግን በአማካይ 1.78 ሚሊዮን የተመዘገበ መራጭ ይወክላል። በዚያ 543 ወንበር ላይ በ2024 እነማን ተቀመጡ? ከሕዝቡ ግማሽ የሚሆኑት ሴቶች 74 ወንበር አገኙ፣ 13.6 በመቶ። በ2011ዱ ቆጠራ ከሕዝቡ 14.2 በመቶ የነበሩት ሙስሊሞች 24 ወንበር አገኙ፣ 4.4 በመቶ፤ እንደ ብዛታቸው ቢሆን 77 ይደርሳቸው ነበር። በአንጻሩ 16.6 በመቶ የሆኑት ዳሊቶች፣ ቀድሞ «የማይነኩ» ተብለው ከጉድጓድ ውኃ እንኳ ይከለከሉ የነበሩት፣ 84 ወንበር አላቸው። አዲቫሲ የሚባሉት ነባር ጎሳዎች 8.6 በመቶ ሆነው 47 አላቸው። በሕዝቡ ብዛትና በወንበሩ ብዛት መካከል ከሞላ ጎደል ሚዛን የጠበቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ልዩነቱ ሕግ ነው። 131ዱን ወንበር ሕገ መንግሥቱ ለእነሱ ብቻ አስቀምጦታል፤ ለሌሎቹ አላስቀመጠም።

ያ ሕግ እንዴት እንደመጣ ሳይነገር አይታለፍም። በ1932 እንግሊዞች በየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤቶች ለዳሊቶች 71 ወንበር ሰጡ፤ ለእነዚህ ወንበሮች ዳሊት ብቻ ይወዳደራል፣ ዳሊት ብቻ ይመርጣል። የዳሊቶቹ መሪ ቢምራኦ አምቤድካር የፈለጉትም ይህንን ነበር። ጋንዲ ግን ይህ ሂንዱውን ለሁለት ይከፍላል ብለው በፑና እስር ቤት ውስጥ ሴፕቴምበር 20 ከምግብ ታቀቡ፤ እስከ ሞት ድረስ። የአምቤድካርን ጭንቀት አስቡት። ጋንዲ ቢሞቱ በየመንደሩ በቀሉ የሚወርደው በማን ላይ እንደሆነ ያውቃሉ። ከአራት ቀን በኋላ ፈረሙ። ወንበሩ ከ71 ወደ 148፣ ከእጥፍ በላይ አደገ፤ መራጩ ግን ዳሊት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሌላውም ሂንዱ ሆነ።

ቁጥሩን ብቻ ያየ አምቤድካር አሸነፉ ይላል። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ለዳሊት በተያዙት ወንበሮች ከሞላ ጎደል በሁሉም፣ ዳሊቶች በምርጫ ክልሉ ውስጥ አናሳ ናቸው። ስለዚህ የሚያሸንፈው ዳሊት ሌሎቹ ካስቶች፣ በትውልድ የሚወረሱት የማኅበረሰብ ደረጃዎች፣ የማይከፉበት ዳሊት ነው። ይህን ራሳቸው አምቤድካር በሥጋቸው ቀመሱት። የሕገ መንግሥቱን አርቃቂ ኮሚቴ መርተው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የሕግ ሚኒስትር ሆነው፣ በመጀመሪያው ምርጫ ቦምቤይ ላይ ለዳሊት በተያዘው ወንበር ሲወዳደሩ የኮንግረስ ፓርቲው ዳሊት ተወዳዳሪ ወደ 15,000 በሚጠጋ ድምፅ በልጧቸው ወደቁ። ለእያንዳንዱ ሕንዳዊ አንድ ድምፅ የሚለውን ሕግ ካረቀቁት ዋነኛው፣ በዚያው ሕግ ተሸነፉ።

ሃይማኖትም እዚህ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። በ1950 የወጣው ደንብ ዳሊት ተብሎ ለመመዝገብ ሂንዱ መሆንን ጠየቀ፤ በ1956 ለሲኮች፣ በ1990 ለቡድሃ እምነት ተከታዮች ተፈቀደ። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሆነ ዳሊት እስከ ዛሬ አልተፈቀደለትም። ቤቱ ያው ከመንደሩ ዳር ያለው ነው፤ ጎረቤቱ የሚያየው ያው እንደ ድሮው ነው፤ በእነዚያ 84 ወንበሮች ላይ ግን መወዳደር አይችልም። አንድ ሰው የተወለደበትን ውርደት ትቶ እምነት ሲቀይር ውርደቱ አብሮት ይሄዳል፣ ካሣው ይቀራል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ በደል በዚያ ሕግ ውስጥ አላውቅም።

በዳሊቱና በላይኛው ካስት መካከል ደግሞ ትልቁ ሕዝብ አለ፤ ገበሬው፣ እረኛው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪው። የማንዳል ኮሚሽን በ1980 ባቀረበው ሪፖርት 3,743 «ኋላ የቀሩ» ካስቶችን ዘርዝሮ ከአገሪቱ ሕዝብ 52 በመቶ ናቸው ብሎ ገመተ። ካስት ለመጨረሻ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተቆጠረው በ1931 ስለነበር ግምቱም ከዚያው ከአሮጌው መዝገብ የተነሣ ነው። ከመንግሥት ሥራ ግን 27 በመቶ ብቻ እንዲመደብላቸው ሐሳብ አቀረበ። ፍርድ ቤቶች ጠቅላላ ኮታው ከግማሽ እንዳይበልጥ ስላሰሩ፣ ለዳሊትና ለአዲቫሲ ከተሰጠው 22.5 ጋር ሲደመር 49.5 ላይ መቆም ነበረበት። ጠቅላይ ሚኒስትር ቪ.ፒ. ሲንግ ኦገስት 7 ቀን 1990 ይህን ተግባራዊ አደርጋለሁ ሲሉ ከተሞች ተናወጡ፤ በተቃውሞ ራሳቸውን ያቃጠሉ ተማሪዎችም ነበሩ።

ከዚያ በ49ኛው ቀን የሂንዱ ብሔርተኛው ፓርቲ የቢጄፒ መሪ ኤል.ኬ. አድቫኒ እንደ ሠረገላ በተሸለመ ተሽከርካሪ ከሶምናት ተነሥተው ወደ አዮድያ ጉዞ ጀመሩ፤ በባብሪ መስጊድ ቦታ ላይ የራማ ቤተ መቅደስ ይሠራ ብለው። አንዱ ወገን ሂንዱውን በካስት ሲቆጥር፣ ሌላው ሁሉንም በአንድ እምነት ሥር ሊሰበስብ ወጣ። የሕንድ ፖለቲካ ከዚያ ወዲህ በነዚህ ሁለት አቆጣጠሮች መካከል ይዋልላል። በ1984 ሁለት ወንበር ብቻ የነበረው ቢጄፒ በ1991 ወደ 120 ወጣ። መስጊዱ በ1992 ዲሴምበር 6 ፈረሰ። በ2019 ፓርቲው 303 ወንበር ያዘ። በ2024 ጃንዋሪ 22 ቤተ መቅደሱ ተመረቀ።

አምስት ወር ሳይሞላ፣ አዮድያ ባለችበት የፋይዛባድ የምርጫ ክልል ቢጄፒ ተሸነፈ። ያሸነፉት አዋዴሽ ፕራሳድ ዳሊት ናቸው። ወንበሩ ለዳሊት የተያዘ አይደለም፤ ለማንም ክፍት ነው። ብልጫቸው 54,567 ድምፅ ነበር። በዚያ ዘመቻ ገዢው ፓርቲ ከ400 በላይ ወንበር ካገኘ ሕገ መንግሥቱን ቀይሮ ኮታውን ያነሣል የሚል ሥጋት በዳሊት መንደሮች ተሰራጭቶ ነበር። ይህን ውጤት የሃይማኖት ፖለቲካ ማብቂያ አድርገው የተረጎሙ አሉ፤ እኔ እንዲህ አላየውም፤ ያው ፓርቲ በአገር ደረጃ 240 ወንበር ይዞ መንግሥት መሥርቷል። የአንድ ወንበር ውጤት የሚያሳየው፣ ሰው አምላኩንም የካስቱን ዕጣም አብሮ ይዞ ወደ ጣቢያው እንደሚሄድ ነው።

ሃይማኖት፣ ካስትና ጾታ አንድ ላይ የተገናኙበትን ቁጥር ለማየት ግን ወደ ሴቶቹ ሕግ መምጣት ያስፈልጋል። ከሎክ ሳባና ከግዛት ምክር ቤቶች ወንበር አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ይሁን የሚለው ረቂቅ መጀመሪያ የቀረበው በ1996 ነው። በ1998 አንድ የምክር ቤት አባል ረቂቁን ከሕግ ሚኒስትሩ እጅ ነጥቆ ቀደደው። በ2010 የላይኛው ምክር ቤት 186 ለ1 አጸደቀው፤ ሎክ ሳባ ግን ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። ያገዱት የኋላ ቀር ካስቶች ፓርቲዎች ነበሩ፤ ኮታው በካስት ካልተከፋፈለ ወንበሩን የሚወስዱት የላይኛው ካስት የተማሩ ሴቶች ናቸው ሲሉ። ክርክራቸው ውስጥ እውነት አለ፤ የወንድ ወንበር መከላከያም ሆኖ ለ27 ዓመት አገልግሏል።

በ2023 ሴፕቴምበር 20 ሎክ ሳባ ሕጉን 454 ለ2 አጸደቀ። የተቃወሙት ሁለቱ አሳዱዲን ኦዋይሲና የፓርቲያቸው ባልደረባ፣ ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው። ለሙስሊምና ለኋላ ቀር ካስት ሴቶች ድርሻ አልተቀመጠም አሉ፤ ለዳሊትና ለአዲቫሲ ሴቶች ከየራሳቸው ኮታ ውስጥ ተቀምጧልና። በማግስቱ የላይኛው ምክር ቤት 214 ለ0 አለፈው። ሕጉ ግን ሥራ ላይ የሚውለው ከሱ በኋላ የሚደረግ የሕዝብ ቆጠራ ወጥቶ የምርጫ ክልሎች ዳግም ሲከለሉ ነው ተብሎ ስለተጻፈበት፣ የ2024ቱን ምርጫ አልነካም። እንዲያውም በ2019 ከነበሩት 78 ሴቶች አራት ቀነሱ።

ሕጉ ቢሠራ ምን ይሆናል የሚለውን መገመት አያስፈልግም፤ ከ1993 ጀምሮ በመንደር ታይቷል። ፓንቻያት በሚባሉት የገጠር ምክር ቤቶች ከወንበሩ ሲሦው ለሴቶች ሆነ፤ ቢሃር በ2006 ግማሽ አደረገችው፣ ብዙ ግዛቶችም ተከተሏት። ዛሬ ከ3.1 ሚሊዮን የመንደር ተመራጮች ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉት ሴቶች ናቸው። ወንበሩ በሚስቱ ስም ሆኖ ማኅተሙን የሚይዝ ባል መኖሩ እውነት ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ መንደርተኛው ሁሉ ያወራል። ነገር ግን ኮታው የሚደርሳቸው መንደሮች በዕጣ መልክ ይለዩ ስለነበር ተመራማሪዎች ሊያነጻጽሩ ችለዋል። ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኤስቴር ዱፍሎ በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን ያጠኑት በ2004 ሲታተም፣ ሴት የምትመራቸው መንደሮች ለመጠጥ ውኃ የበለጠ ገንዘብ እንዳዋሉ አሳየ። ውኃ የምትቀዳዋ ሴት ናትና። በኋላ የመጣ ጥናት ደግሞ ሁለት ጊዜ በሴት በተመሩ መንደሮች፣ ኮታው ሲነሣም ሴቶች ተወዳድረው የማሸነፍ ዕድላቸው ከፍ እንዳለ አገኘ።

ከ1.4 ሚሊዮን ወደ 74 ሲወጣ ኮታው የለም። ከ74ቱ ውስጥ ደግሞ ሙስሊሞቹ ሁለት ናቸው፤ በ2011ዱ ቆጠራ የአገሪቱ ሙስሊም ሴቶች ከ80 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከሁለቱ አንዷ፣ የካይራናዋ ኢቅራ ሐሰን፣ አባቷም እናቷም የዚያው ምርጫ ክልል ተወካይ የነበሩ ናት። ሌላዋ፣ የኡሉቤሪያዋ ሳጅዳ አህመድ፣ በ2018 የገባችው ባሏ ሞቶ በተለቀቀው ወንበር ነው። ከፖለቲከኛ ቤተሰብ ውጭ ሆና በዚህ ምክር ቤት የተቀመጠች ሙስሊም ሴት አንዲትም የለችም።