ኦቲዝምን ለመመርመር አንድ ዕውቀት ብቻ አይበቃም

አንድ ሕፃን ስሙ ሲጠራ ዘወር አይልም። እናቱ ጆሮው የማይሰማ መስሏት ወደ ሐኪም ትወስደዋለች፤ ሐኪሙም ጆሮው ደኅና መሆኑን ይነግራታል። ዘመድ «አፉን ዘግይቶ ይፈታል» ይላታል፤ ጎረቤት «አቀማጥላችሁ አሳድጋችሁት ነው» ይላታል፤ ወደ ጸበልም ይዛው ትሄዳለች። ለትምህርት በደረሰ ጊዜ መምህሩ «ከልጆች ጋር አይገጥምም» ብሎ ይመልስላታል። እነዚህ ሁሉ በየበኩላቸው ከልጁ አንድ ነገር አይተዋል። ሙሉውን ልጅ ያየችው ግን ሌሊትም ቀንም ከእርሱ ያልተለየችው እናቱ ብቻ ናት።

ኦቲዝም የሚባለው ነገር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ ወይም የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። ከሕፃንነት ጀምሮ ከሰው ጋር በመነጋገርና በመግባባት፥ ድምፅንና ብርሃንን በመቀበል፥ አንድን ነገር አጥብቆ በመውደድና በመደጋገም ይገለጣል። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ቃል ሳይናገሩ ያድጋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይመረቃሉ። ነገሩ ይህን ያህል ሰፊ ስለ ሆነ፥ አንድ ወጣት «በዚህ ጉዳይ እስከ ዶክተርነት ማዕረግ መመራመር እፈልጋለሁ» ቢል፥ ወላጆቹ «የምትማረው ሕክምና ነው ወይስ አስተማሪነት?» ብለው ቢጠይቁት አያስደንቅም። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ናቸው፤ ሌሎችም ይጨመሩባቸዋል። ስለዚህ የዚህን ምርምር መንገድ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማስረዳት እንወዳለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በምርምር የሚገኘው የዶክተርነት ማዕረግ የሐኪም ማዕረግ አይደለም። ተማሪው ገና መልስ ያላገኘ አንድ ጥያቄ ይመርጣል፤ ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ያነባል፤ ራሱ መርምሮ የደረሰበትን በአንድ ትልቅ ጽሑፍ ያቀርባል፤ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ቀርቦ ስለ ሥራው በቃል ይጠየቃል። በእንግሊዝ አገር ይህ ሙሉ ጊዜውን ለሰጠ ተማሪ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ እየሠራ ለሚማር ደግሞ ይረዝማል። ጽሑፉም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 80,000 ቃላት ሊደርስ ይችላል። ልዩ ልዩ የዕውቀት ዘርፎችን በሚያስተባብር ምርምር ግን ተማሪው ብዙ ጊዜ ሁለት አማካሪ መምህራን ይኖሩታል፤ ለምሳሌ አንዱ ከሥነ ልቡና፥ ሁለተኛው ከትምህርት ጥናት ወይም ከኅብረተሰብ ጥናት ሊሆን ይችላል።

ይህ መተባበር ለምን እንዳስፈለገ የጥናቱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1943 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር የ11 ልጆችን ጠባይ ዘርዝሮ ጻፈ። ዛሬ ኦቲዝም የምንለው ነገር በሰፊው መታወቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከልጆቹም የመጀመሪያው ወደ ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት አባቱ ስለ ልጁ 33 ገጽ ያህል ጽፎ ልኮ ነበር። እንግዲህ የዚህ ዕውቀት አንዱ መሠረት በሐኪም ክፍል ሳይሆን በአንድ ወላጅ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

ነገር ግን ይህ ቶሎ ተረሳ። ካነር ራሱ በመጀመሪያ ጠባዩ ከልጆቹ ጋር የተወለደ መሆኑን ቢጽፍም፥ ስለ ወላጆቹ ቅዝቃዜ መናገሩ አልቀረም። ከዚያ በኋላ የመጡ ሰዎች ይህንን አክርረው «ልጁን እንዲህ ያደረገው የእናቱ ፍቅር ማጣት ነው» አሉ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ በሕዝብ ዘንድ አስፋፋው። በዚህም የተነሣ ሌት ተቀን የሚደክሙ አያሌ እናቶች የልጃቸውን ችግር ያመጡ ወንጀለኞች ተደርገው ተቈጠሩ። አንድ ዕውቀት ብቻውን ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ የሚደርሰው ጉዳት ይህን ያህል ነው።

ይህንን ስሕተት ለማፍረስ የተነሡት ከሌላ አቅጣጫ የመጡ ናቸው። በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቡና ዶክተር ነበረ፤ ደግሞም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበረ። በ1964 ባወጣው መጽሐፍ የነገሩ ምንጭ በአካልና በአእምሮ አፈጣጠር እንጂ በእናት ጠባይ አለመሆኑን ተከራከረ። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስቲንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን መርምረው የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው የሚያመለክት ማስረጃ አቀረቡ። በእንግሊዝ አገር የአእምሮ ሐኪም የነበረችው ሎርና ዊንግም የኦቲዝም ልጅ እናት ነበረች፤ ኦቲዝም ከጥቂት ልጆች አልፎ ሰፊ መሆኑ እንዲታወቅ አድርጋለች። ወላጅነትና ሊቅነት በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ ከነዚህ ሰዎች እንማራለን።

ከዶክተርነት ተማሪዎች ሥራም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ኡታ ፍሪዝ የምትባለው ጀርመናዊት በ1968 በለንደን ስለነዚህ ልጆች መርምራ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለች። በ1985 ከተማሪዋ ከሳይመን ባሮን ኮኸንና ከአለን ሌስሊ ጋር ሆና ለልጆች የአሻንጉሊት ጨዋታ አሳየች። አንዲቱ አሻንጉሊት ብይ በቅርጫት አስቀምጣ ትወጣለች፤ ሁለተኛይቱ ወደ ሣጥን ታዛውረዋለች፤ ያችኛይቱ ስትመለስ የት ትፈልጋለች? ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ ብዩ አሁን ያለበትን ስፍራ አመለከቱ። ከዚህም ተመራማሪዎቹ «የሌላውን ሰው አሳብ መገመት ይከብዳቸዋል» የሚል መደምደሚያ አወጡ።

በ2012 ግን ዴሚያን ሚልተን ጥያቄውን ገለበጠው። እርሱ የኅብረተሰብ ጥናት የተማረ፥ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ሰው ነው። አለመግባባት የሁለት ወገን ጉዳይ ስለ ሆነ፥ እነዚህ ሰዎች እኛን ማወቅ እንደሚከብዳቸው ሁሉ እኛም እነርሱን ማወቅ ይከብደናል ሲል ጻፈ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከሥነ ልቡና፥ ሁለተኛው ከኅብረተሰብ ጥናትና ከራስ ኑሮ የመጣ ነው። አንዱ ሌላውን ባይሰማ ኖሮ ነገሩ በግማሽ በቀረ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዚህ ጥናት አስፈላጊነት ይልቁን ጐልቶ ይታያል። በአዲስ አበባ በ2002 የኦቲዝም ልጆች ማዕከል የመሠረቱት፥ አሁን በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ ሥራውን የጀመሩት የገዛ ልጃቸውን ችግር አይተው ነው። በ2016 በታተመ ጥናትም በአዲስ አበባ 102 የእንዲህ ያሉ ልጆች አሳዳጊዎች ተጠይቀው፥ ብዙዎቹ ነቀፋና መገለል እንደ ደረሰባቸው፥ ነገሩንም በሕክምናና በመንፈሳዊ ምክንያት አጣምረው እንደሚያስረዱት ተናግረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም ከአገራችን ሁኔታ ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል።

ይሁን እንጂ ገና ያልተመለሱ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። በውጭ አገር የተዘጋጀ መመዘኛ «ልጁ ዐይን ለዐይን ያያል ወይ?» ይላል። በእኛ ዘንድ ግን ጨዋ ልጅ በታላቅ ፊት ዐይኑን ይሰብራል። መመዘኛውን ወደ አማርኛ መተርጐም ብቻ ምን ይጠቅማል? ይህን ለማስተካከል ሐኪሙ፥ የቋንቋ ሊቁ፥ ባህል አዋቂው፥ መምህሩና እናቲቱ በአንድነት መቀመጥ አለባቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ነው።

በዚህ መንገድ መሄድ ለሚሻ ወጣት ጥቂት ምክር እንለግሳለን። አስቀድሞ አንዱን የዕውቀት ዘርፍ ጠንቅቆ ይማር፤ አንዱን ሳያውቅ ብዙውን አስተባብራለሁ ማለት ትርፉ ድካም ነው። ሁለቱ አማካሪዎቹ በጥያቄው መስማማታቸውን ከመጀመሩ በፊት ያረጋግጥ፤ አለዚያ አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ይነቅፍበታል። ማዕረጉን ከተቀበለ በኋላም የሥነ ልቡናው ክፍል «የትምህርት ሰው ነህ»፥ የትምህርቱ ክፍል «የሥነ ልቡና ሰው ነህ» ብለው በሁለቱም ቤት እንግዳ ሊያደርጉት እንደሚችሉ ዐውቆ ይግባበት። ከሁሉ በላይ ግን የወላጅንና የልጁን ፈቃድ ሳያገኝ የማንንም ደጅ አይርገጥ፤ ልጁ መናገር ባይችል እንኳ እንቢታውን ከሁኔታው መረዳት ይገባዋል። ያገኘውንም ውጤት መልሶ ለቤተሰቡ በሚገባ ቋንቋ ይንገር።

ለወላጆችም የምንለው አለን። ልጃችሁን ከእንግዳ ፊት አትሸሽጉት። ያያችሁትን፥ መቼ እንደ ሳቀ፥ ከምን እንደ ሸሸ፥ ምን እንደሚያረጋጋው በደብተር ጻፉ። መጻፍ የማይችሉትም ለሚጽፍ ይንገሩ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አባት የጻፈው ያ 33 ገጽ ሐኪሙ ስለ ልጁ እንዲያውቅ መነሻ እንደ ሆነው፥ የእናንተም ደብተር ነገ ለሚመጣው ተመራማሪ መጀመሪያው መጽሐፍ ይሆነዋል።