ሌጎና አዋቂ ገጣጣሚዎቹ፦ ጡቡ የማን ነው?

በላያቸው ስምንት ጉጥ ያላቸው፣ ቀለማቸው አንድ የሆነ ሁለት የሌጎ ጡቦች በ24 መንገድ ይገጣጠማሉ። ሦስተኛ ሲጨመር መንገዱ 1,060 ይደርሳል፤ ስድስት ሲሆኑ ደግሞ 915,103,765 ይሆናል። ይህን የመጨረሻ ቁጥር በኮምፒውተር ያሰላው የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ሶረን አይለርስ ነው። የሌጎ ድርጅት ለብዙ ዓመታት ይናገር የነበረው 102,981,500 የሚለውን ቁጥር ነበር፤ እሱ ግን የሚቆጥረው ስድስቱ ጡቦች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ረጅም ግንብ ሲሆኑ ብቻ ነው። ወደ ጎን እየሰፉ የሚሠሩት ቅርጾች ሲታሰቡ ነገሩ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ሰፋ።

በዓለም ዙሪያ ጎልማሶች፣ መሐንዲሶች፣ መምህራን፣ ጡረተኞች ሳይቀሩ፣ ስለዚህ የልጆች መጫወቻ ተቀምጠው የሚከራከሩት በዚህ ስፋት የተነሳ ነው። የትኛው ጭብጥ (በአንድ ርዕስ የሚወጣ የሳጥኖች ስብስብ) ይመለስ? የፊልም ኩባንያዎች ፈቃድ መጫወቻውን ጠቀመው ወይስ ጎዳው? አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የፈጠረው ንድፍ የማን ንብረት ነው? ክርክሩ ከውጭ ለሚያየው የጨዋታ ጨዋታ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላደመጠው ግን ስለ ፈጠራና ስለ ባለቤትነት የሚደረግ ቁም ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአናጢው ቤት

ሌጎ የተወለደው በዴንማርክ፣ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። አናጢው ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በ1949 የንግድ ቤቱ የመጀመሪያዎቹን የፕላስቲክ ጡቦች ሲያወጣ መነሻው የእንግሊዛዊው ሂላሪ ፔጅ ጡብ ነበር። እነዚያ የመጀመሪያ ጡቦች ውስጣቸው ባዶ ስለነበር ይደራረባሉ እንጂ አይጨባበጡም፤ የቆመው ነገር ሲነካ ይፈርሳል።

መፍትሔውን ያመጣው የአናጢው ልጅ ጎትፍሬድ ነው። ጥር 28 ቀን 1958 ለፓተንት ባመለከተበት ንድፍ ከጡቡ ሆድ ውስጥ ቱቦዎች ተተከሉ። ድስት በሦስት ጉልቻ እንደሚጸና፣ ከታች ያለው ጉጥም በላይኛው ጡብ ግድግዳና ቱቦ መካከል በሦስት ነጥብ ተይዞ ይጸናል። ልጅ በጣቱ ሊያላቅቀው ይችላል፤ ካልተላቀቀ ግን ጸንቶ ይቆማል። ከ1963 ጀምሮ ጡቡ የሚሠራው ኤቢኤስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው።

ልኩም ጥብቅ ነው። ከአንዱ ጉጥ መካከል እስከ ቀጣዩ ጉጥ መካከል 8 ሚሊሜትር ነው። የጡቡ ቁመት 9.6፣ ስሱ ጡብ ደግሞ የዚህ ሲሶ፣ 3.2 ሚሊሜትር። በ1958 የተሠራ ጡብ ዛሬ ከፋብሪካ ከወጣው ጋር የሚገጥመው እነዚህ ቁጥሮች ስላልተነኩ ነው። የአዋቂዎቹ ክርክር በሙሉ ያረፈው በዚህ ጽናት ላይ ነው፦ አያት የገዛው ጡብ ለልጅ ልጅ ስለሚያገለግል፣ ቤቱ ዛሬ የሚወስነው ውሳኔ የትናንቱንም ስብስብ ይነካል።

ጭብጡ ይመለስ

በ1978 ሌጎ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀሰውን ትንሽ ሰው፣ ሚኒፊገርን፣ አወጣ። ቢጫ ፊት፣ ሁለት ነጥብ ዓይን፣ አንድ ፈገግታ። ከእሱ ጋር ሦስት ዓለማት ተከፈቱ፦ ከተማ፣ ቤተ መንግሥትና ጠፈር። ዛሬ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉት አፍቃሪዎች ያደጉት በእነዚህ ነው። ታሪኩ አልተጻፈም ነበር፤ ባላባቱ ማን እንደሆነ፣ መንኮራኩሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ልጁ ነው።

ብዙዎቹ በጉርምስና ዘመናቸው ጡቡን ትተውት ቆይተው፣ ሥራና ቤተሰብ ከያዙ በኋላ የተመለሱ ናቸው። የራቁበትን ጊዜ በመካከላቸው «የጨለማ ዘመን» ይሉታል። ሲመለሱ ግን የሚያውቁት ቤተ መንግሥት ከመደርደሪያው ጠፍቷል፤ ቦታውን የፊልም ስም ያለው ሳጥን ይዞታል። «ጭብጡ ይመለስ» የሚለው ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው።

ተቃዋሚው ወገን ይህን ናፍቆት ነው ይለዋል። ድርጅቱ የሚኖረው በዛሬ ልጆች ነው፤ የዛሬ ልጅ ደግሞ ባላባት አያውቅም ይላሉ። ነገር ግን ድርጅቱ በ2022 ለ90ኛ ዓመቱ 4,514 ቁራጭ ያለው የአንበሳ ባላባቶች ቤተ መንግሥትና 1,254 ቁራጭ ያለው የታደሰ የጠፈር መንኮራኩር ሲያወጣ የቀድሞውን ጭብጥ የጠየቁትን ሰዎች ማድመጡን አሳየ። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎም ለአዋቂዎች በተሠሩ ሳጥኖች ላይ 18+ የሚል ምልክት ማተም ጀምሮ ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የከተማው ጭብጥ ነው። በ2007 የወጣው ካፌ ኮርነር፣ 2,056 ቁራጭ ያለው የመንገድ ጥግ ሕንፃ፣ ከጎኑ ሌላ ሕንፃ እንዲያያዝበት ሆኖ ተሠራ። የነደፈው ጄሚ ቤራርድ ራሱ ከአዋቂ አፍቃሪዎች መካከል ተመርጦ የተቀጠረ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ገደማ አዲስ ሕንፃ እየተጨመረ፣ ጎልማሶች በየቤታቸው ሙሉ መንገድ እየገነቡ ነው። ይህ የፊልም ጭብጥ አይደለም፤ የሚያስፈልገው የገዢው ሐሳብ ብቻ ነው።

አፍቃሪዎቹ ተቆጥተው አያውቁም ማለት ግን አይቻልም። በ2004 ድርጅቱ የግራጫውን ቀለም ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ግራጫ ሲለውጠው ተቃውሞው የጋለ ነበር። ለዓመታት የተሰበሰበ ግራጫ ጡብ ያለው ሰው አዲስ ሲገዛ ግንቡ ዝንጉርጉር ይሆንበታል። ጡቡ ከጡብ ይገጥማል የሚለው ቃል ኪዳን ለእነሱ ቀለምንም ይጨምራል።

ፈቃዱ ያተረፈውና ያስከፈለው

በ1999 ሌጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ የፊልም ፈቃድ ገዛ፤ ስታር ዋርስ። በቤቱ ውስጥ ብርቱ ተቃውሞ ነበር፤ ጦርነትን ለልጅ መሸጥ ከመሥራቾቹ መንፈስ ጋር አይሄድም የሚሉ ነበሩ። ገዢው ግን ጎረፈ። በ2001 ሃሪ ፖተር ተከተለ።

ትምህርቱ የመጣው በ2003 ነው። በዚያ ዓመት ከሁለቱም አዲስ ፊልም አልወጣም፤ ሽያጩ አሽቆለቆለ። ድርጅቱ በዚያው ጊዜ በመዝናኛ ፓርኮችና በሌሎች ንግዶች ተበታትኖ ነበር፤ የተለያዩ ቁራጮቹም ከ12,000 በላይ ደርሰው እያንዳንዱ የራሱን ውድ ሞልድ ይጠይቅ ነበር። ቤቱ ለኪሳራ ተቃረበ። በ2004 ሥራ አስኪያጅ የሆነው ዮርገን ቪግ ክኑድስቶርፕ ቁራጮቹን ቀነሰ፣ ፓርኮቹ በ2005 ተሸጡ፣ ትኩረቱም ወደ ጡቡ ተመለሰ። በዚያ ክፉ ዘመን ቤቱን ከደገፉት አንዱ ባዮኒክል የተባለው ጭብጥ ነው፤ እሱም ሌጎ ራሱ የፈጠረው ታሪክ ነበር።

የፈቃዱ ደጋፊዎች የሚያነሡት ክብደት ያለው ነገር ነው። በፈቃዱ ምክንያት ጡብ ነክተው የማያውቁ ሰዎች መጥተዋል። በ2017 የወጣው 7,541 ቁራጭ ያለው የስታር ዋርስ መንኮራኩር፣ ሚሌኒየም ፋልከን፣ ያለ አዋቂ ገዢ የሚታሰብ አልነበረም። ለፊልም ተብሎ የተሠራ አዲስ ቅርጽም ነገ በሌላው እጅ መስኮት ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ይሆናል።

ተቺዎቹ ደግሞ ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ የፈቃዱ ክፍያ በዋጋው ላይ ያርፋል። ሁለተኛ፣ ታሪኩ ተዘግቶ ይመጣል፤ ልጁ የሚገጣጥመው ሌላው አስቀድሞ የጨረሰውን ነው።

በእኔ ዓይን ፈቃዱ ካመጣቸው ለውጦች ሁሉ ትልቁ የቆዳ ቀለም ጉዳይ ነው። ቢጫው የማንም ዘር እንዳይሆን ተብሎ የተመረጠ ነበር። ስታር ዋርስ ሲመጣ ነጮቹ ተዋናዮች የተጫወቷቸው ሰዎች በቢጫ ተሠሩ፤ ያስቸገረ የለም። በ2003 ግን የደመናው ከተማ የሚባለው ሳጥን ሲወጣ ጥቁሩ ተዋናይ የተጫወተው ላንዶ ካልሪሲያን በቡናማ ቀለም፣ ሌሎቹ በቢጫ ሆነው አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀመጡ። ቢጫው ለሁሉም ነው የሚለው ሐሳብ እዚያ ላይ ፈተናውን ወደቀ። ከ2004 ጀምሮ በፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሰው ቆዳ ቀለም አላቸው፤ የቤቱ የራሱ ጭብጦች በቢጫው ቀጥለዋል። አንዳንዶች መለያየቱን አይወዱትም። እኔ ግን ራሱን በመጫወቻው ውስጥ ለሚፈልግ ጥቁር ልጅ ይህ ትንሽ ነገር ነው አልልም።

የራስ ንድፍ

ሦስተኛው ክርክር ጥልቁ ነው። አፍቃሪዎቹ ያለ መመሪያ ከራሳቸው ሐሳብ የሚሠሩትን «ሞክ» ይሉታል። ይህ ሥራ ያልተጻፈ ሕግ አለው፤ አጥባቂዎቹ ጡብ አይቆረጥም፣ ቀለም አይቀባም፣ በሙጫ አይጣበቅም ይላሉ። ውበቱ በገደቡ ውስጥ ነው። ለምሳሌ አምስት ስስ ጡብ ሲደራረብ 16 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም በትክክል የሁለት ጉጥ ስፋት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ጡቡን በጎኑ አጋድሞ ከቆመው ጋር ያለ ክፍተት ያዋሕዳል፤ ክብ ግድግዳና የተጠረበ ድንጋይ የሚመስል ሥራ የሚወጣው ከዚህ ስሌት ነው። ጡቡን የሚያጣምም አገጣጠም ይፈቀዳል ወይ የሚለውም ራሱን የቻለ ሙግት ነው፤ ቤራርድ በ2006 የትኛው አያያዝ ፕላስቲኩን እንደሚጎዳ ያብራራበት ገለጻ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ሌላው ወገን ቤቱ የማይሠራውን እኛ እንሥራ ይላል። ሌጎ የዘመኑን የጦር መሣሪያ በእውነተኛ መልኩ አይሠራም፤ በ2020 ኦስፕሬይ የተባለውን አውሮፕላን አዘጋጅቶ ከጨረሰ በኋላ፣ አውሮፕላኑ ለውትድርና የሚውል ነው የሚል ተቃውሞ ሲነሣ ሽያጩን ሰርዟል። ክፍተቱን የሞሉት ትንንሽ አምራቾች ናቸው፤ ብሪክአርምስን የመሳሰሉት ለሚኒፊገር እጅ የሚስማማ መሣሪያ በራሳቸው ሞልድ ያመርታሉ።

ሕጉ ምን ይላል? የ1958ቱ ፓተንት ጊዜው አልፏል። ድርጅቱ የጡቡን ቅርጽ በንግድ ምልክት ለማስከበር ቢሞክርም፣ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2010 አልተቀበሉትም። የሥራ ጠቀሜታ ያለው ቅርጽ ለዘላለም የአንድ ነጋዴ ሊሆን አይችልም። ሚኒፊገሩ ግን በአውሮፓ ምልክትነቱ በ2015 ጸንቶለታል።

ታዲያ በዚያ ነጻ ጡብ የተፈጠረው ንድፍስ? በ2008 በጃፓን የተጀመረውና በ2014 ሌጎ አይዲያስ የተባለው መድረክ አንድ መልስ ሰጠ። ማንም ሰው ንድፉን ያቀርባል፤ 10,000 ድጋፍ ካገኘ ድርጅቱ ይመረምረዋል፤ ከጸደቀ ነዳፊው ከተጣራው ሽያጭ አንድ በመቶ ያገኛል። በ2017 የወጣው ሳተርን 5 ሮኬት፣ ጨረቃ ላይ በተረገጠበት ዓመት ቁጥር 1,969 ቁራጭ ያለው፣ በዚህ በር የመጣ ነው። በዚያው ዓመት የናሳ ሴቶች የሚለው ንድፍም ወጣ፤ ከቀረቡት አምስት ሴቶች አንዷ፣ የሒሳብ ሊቋ ካትሪን ጆንሰን፣ የሚያስፈልገው ፈቃድ ስላልተገኘ ከሳጥኑ ቀረች። ፈቃድና የግል ንድፍ የተሳሰሩ መሆናቸውን ከዚህ የሚበልጥ የሚያሳይ ምሳሌ የለኝም።

ከቤቱ ውጭ ያለው ነዳፊ ግን ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሌፒን የተባለው የቻይና አስመሳይ የሌጎን ሳጥኖች ብቻ ሳይሆን የግለሰቦችንም ንድፍ ወስዶ ይሸጥ ነበር። በ2019 የሻንጋይ ፖሊስ ዘጋው፤ በ2020 መሪው የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ትልቁ ድርጅት ጠበቃ አለው። በምሽት ከሥራ በኋላ ወራት ፈጅቶ ድልድይ የነደፈው ሰው የለውም። በዚያው በ2019 ሌጎ ብሪክሊንክን፣ በ2000 አንድ አፍቃሪ የመሠረተውን የቁራጮች ገበያ፣ ሲገዛ ነጻው ገበያችን በድርጅቱ እጅ ወደቀ የሚል ስጋት የተነሣው ለዚህ ነው።

ምን እንበል?

ሦስቱን ክርክሮች አንድ ላይ ያየ ሰው ጥያቄው አንድ መሆኑን ይረዳል፦ የተገጣጠመ ነገር የማን ነው? እኔ በሦስት እከፍለዋለሁ። ጡቡ የሁሉም ነው፤ ፍርድ ቤቶቹም ይህን ብለዋል። ስሙና ታሪኩ የፈጠረው ቤት ነው፤ የፊልሙም እንዲሁ። አገጣጠሙ ግን፣ ያ ከ915 ሚሊዮን መንገድ አንዱን የመረጠው ዓይን፣ የሠሪው ነው፤ ክብርም ክፍያም የሚገባው ለእሱ ነው። በዚህ መለኪያ አንድ በመቶ ያንሳል ብዬ አምናለሁ። ንድፉ የሚሸጠው በሳጥኑ ላይ ባለው ስም ብቻ አይደለምና።

ከድርጅቱም የምጠብቀው ፈቃድን እንዲተው አይደለም፤ በየዓመቱ ታሪኩ ያልተጻፈ ጭብጥ ጎን ለጎን እንዲያወጣ ነው። በ2003 የታየው፣ የሌላውን ታሪክ ብቻ ይዞ የሚነግድ ቤት የሌላውን ሰዓት ጠባቂ እንደሚሆን ነው። ለጀማሪው ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ሳጥኑን በመመሪያው መሠረት ገጣጥሙት፣ የሠሪውን ብልሃት ተማሩበት፣ ከዚያ አፍርሱትና የራሳችሁን ሥሩ። ጎትፍሬድ ቱቦዎቹን ሲተክል ጡቡ እንዲጸናም፣ እንዲላቀቅም አድርጎ ነው የሠራው፤ መላቀቁ የጨዋታው ግማሽ ነው።