የብስክሌት ፍሬን መቼ ይታያል?

ሰው ያፈናጠጠ ብስክሌት አልቆም ካለ አደጋው የሁለት ሰው ነው። ስለዚህ በዘይት የሚሠራ ፍሬን መበላሸት ሲጀምር የሚያሳየውን ምልክት እንወቅ።

እጀታውን ስንጨብጥ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። በፊዚክስ የተማርነው የፓስካል ሕግ ይኸው ነው።

1ኛ/ እጀታው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ ብዙ ጊዜ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። ዘይት በቀላሉ አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። አየሩ መውጣት አለበት።

2ኛ/ ሸራው ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሳሳ ይቀየር። ብረት ለብረት ሲፋጭ ከሰማችሁማ ዘግይታችኋል።

3ኛ/ ዘይት ካንጠባጠበ አትንዱት። ዘይት የነካው ሸራ አይዝም።

ዘይት ስትጨምሩ ፍሬኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሚኒራል ኦይል በሚፈልገው ላይ ዶት 4 ከተጨመረ የጎማ ማሸጊያዎቹ ይበላሻሉ። የምግብ ዘይትማ በጭራሽ!

በሐምሌና በነሐሴ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ሸራውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋልና ቶሎ ቶሎ እዩት።

ከመንዳት በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት። ጎማው ከዞረ፣ ሳይጠገን መንገድ አይውጣ። ይህ በሽቦ ለሚሠራውም ፍሬን ይሆናል።