ሕንድና ቻይና፦ በድንበር ጠብ ዙሪያ የሚነገረውና እውነታው

ሕንድና ቻይና የሚጣሉት ለመሬት ነው ይባላል። መሬቱን ላየው ግን ነገሩ ያስገርማል። ከሚጣሉባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው አክሳይ ቺን 38 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ሰው የለበትም ሊባል የሚችል፣ ብርዳምና ደረቅ አምባ ነው። ቻይና አጥብቃ የያዘችው በላዩ ላይ ለሚያልፈው መንገድ ብላ ነው። በ1957 የተጠናቀቀው ይህ መንገድ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሺንጂያንግን ከቲቤት ያገናኛል።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን ጠቡን የወለደው ድንበሩ ነው ማለት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያም ድንበሩ አልተካለለም ነበር፤ ያኔ ግን ሕንዶች «ሕንድና ቻይና ወንድማማቾች ናቸው» እያሉ ይፈክሩ ነበር። በ1959 ቲቤት ውስጥ ዓመፅ ተነሥቶ ዳላይ ላማ ሕንድ ሲጠለሉ መተማመኑ ጠፋ። ችላ ተብሎ የቆየው መስመር ያን ጊዜ የክብር ጉዳይ ሆነ፣ በጥቅምት 1962ም ጦርነት ፈነዳ። ቻይና ድል አድርጋ ከአንድ ወር በኋላ በራሷ ውሳኔ ተኩስ አቆመች። ክርክሩ ግን ባለበት ቀረ።

ኒውክሌር የታጠቁ ጎረቤታሞች ሲጋጩ ሚሳይል ይወነጨፋል ብሎ የሚያስብም አለ። ሰኔ 15 ቀን 2020 በድንበሩ ላይ ባለው ጋልዋን ሸለቆ የተገናኙት የሁለቱ አገሮች ወታደሮች የተደባደቡት ግን በዱላና በድንጋይ ነው። በ1996 የተፈረመው ስምምነት ከመስመሩ በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ መተኮስን ይከለክላልና! እንዲያም ሆኖ 20 የሕንድ ወታደሮች ሞቱ፤ ቻይና ከወራት በኋላ አራት እንደሞቱባት አመነች።

ንግድስ ጠብን አያበርድም? ከጋልዋን ሁለት ሳምንት በኋላ ሕንድ ቲክቶክን ጨምሮ 59 የቻይና መተግበሪያዎችን አገደች። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የሁለቱ ንግድ ከ100 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ወታደሩ ተፋጦ፣ ነጋዴው ዕቃ ሲያመላልስ ማለት ነው።

ዳኛ ይፍረድ የሚለው ምክርም የሚታመነውን ያህል አይሠራም። የባድመን ነገር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ አይጠፋውም፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በ2002 ባድመን ለኤርትራ ሲወስን ውሳኔው የመጨረሻና አሳሪ ተብሎ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ለሰላም የተጨባበጡት ግን በ2018 ነው። በአንጻሩ ቻይናና ሶቪየት ኅብረት በ1969 በኡሱሪ ወንዝ ላይ ባለች ትንሽ ደሴት ተዋግተው ነበር። ዳኛ ግን አላስፈለጋቸውም። ግንኙነታቸው ሲሻሻል በ1991 ተፈራረሙ፣ ደሴቲቱም ለቻይና ሆነች። የቀረውንም ቤይጂንግ ከሩሲያ ጋር በ2008 ቋጨችው።

ሕንድና ቻይና እዚያ አልደረሱም። በጥቅምት 2024 በድንበር ቅኝት ጉዳይ መስማማታቸው በተነገረ በሁለት ቀን የሕንዱ መሪ ሞዲና የቻይናው መሪ ሺ ሩሲያ ውስጥ ካዛን ላይ ተገናኙ። መስመሩ የት እንደሚያልፍ ግን በስምምነቱ ውስጥ አልተወሰነም።